ፊቱን የተዋሰ መጽሔት «ነፃ ነኝ» አይበል!

በዚህ አገር «ነፃ» የሚለውን ቃል ያህል የተንገላታ ቃል የለም። ነፃ ገበያ ተባለ፣ ነፃ ምርጫ ተባለ፣ ነፃ ፕሬስ ተባለ። ቃሉን የጠራው ሁሉ ለራሱ እንዲመቸው እያሰፋና እያጠበበ ለበሰው። አሁን ደግሞ ተራው የሥነ ጥበብ ሰዎች የደረሰ ይመስላል። በየጊዜው «ነፃ የሥነ ጥበብ መጽሔት ልናወጣ ነው» የሚሉ ወጣቶች ብቅ ይላሉ። ብቅ ማለታቸው እሰየው ነው። በግል ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ሰው አንድ ኅትመት ተወለደ ሲባል ሊከፋው አይችልም።

ጉዱ የሚታየው መጽሔቱ እጃችን ሲገባ ነው። ስሙ በላቲን ፊደል የሽፋኑን ግንባር ሞልቶ ተጽፏል፤ የአማርኛው ስም ከሥር፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። የገጹ አከፋፈል አንድ የለንደን ወይም የኒውዮርክ መጽሔት ላይ ያየነው ነው፤ የፎቶግራፉ አቆራረጥ ሳይቀር። ከታች በቀኝ በኩል የስፖንሰሩ አርማ ተለጥፏል፤ አንዳንዴም ከመጽሔቱ ስም ይልቅ እሱ ነው ጎልቶ የሚታየው። እስቲ እንጠይቅ፤ የዚህ መጽሔት ነፃነቱ የቱ ላይ ነው? «ከመንግሥት ሳንቲም አልወሰድንም» ይሉናል። እሺ፣ አልወሰዳችሁም። ፊታችሁንስ ከማን ወሰዳችሁት?

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭርና ግልጽ ነው። የሥነ ጥበብ መጽሔት ነፃነት የሚጀምረው ከርዕሰ አንቀጹ አይደለም፤ ከፊቱ ነው። ስለ ቀለምና ስለ መስመር እያስተማረ የራሱን ቀለምና መስመር ከሰው የተዋሰ መጽሔት፣ ስለ ጾም እየሰበከ ክትፎ እንደሚያዝ ሰው ነው። አባቶቻችን «በሰው ወርቅ አይደምቁ» ያሉት ለእንደዚህ ዓይነቱ ነው።

«የመጽሔት ፊት» ስንል ምን ማለታችን ነው? ባለሙያዎቹ «ቪዥዋል አይደንቲቲ» ይሉታል። እኛ መልክ እንበለው። መልክ ማለት ሽፋን ላይ የምትለጠፍ አንዲት አርማ ብቻ አይደለችም። የስሙ አጻጻፍ አለ፤ የጽሑፉ ፊደል ዓይነትና መጠን አለ፤ የዓምዶቹ ስፋትና የባዶ ቦታው ልክ አለ፤ የወረቀቱ ዓይነት፣ የቀለሙ ቁጥር፣ የሥዕሉ አቀማመጥ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ እነዚህን ሁሉ ከእትም እስከ እትም አንድ አድርጎ የሚያስር ሕግ አለ። ይህ ሕግ ሲኖር፣ ጋዜጣ አዟሪው መሬት ላይ ከዘረጋቸው ኅትመቶች መካከል ያንን መጽሔት ከአስፋልቱ ማዶ ሆነን እናውቀዋለን። ሕጉ ከሌለ ስሙን ቀርበን ካላነበብን በቀር ከሌላው አንለየውም።

«ይዘት ይቅደም» ለሚሉን

ይህን ባልን ቁጥር ከሁለት ወገን ተቃውሞ ይመጣል። አንደኛው ወገን ያዙኝ ልቀቁኝ ይላል። «ሕዝቡ ኑሮ አናቱ ላይ ወጥቶበት እያለ ስለ ፊደል ቅርጽ ታወራላችሁ?» ለዚህኛው መልሳችን ቀላል ነው። ወንድሜ፣ ኑሮ የከበደው ሰው ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ መጽሔት ሲገዛ ነው መታለል የሌለበት። ገንዘብ የተረፈው ሰው ዝርክርክ ነገር ገዝቶ ይጥላል። ለትራንስፖርት ከያዘው ላይ የከፈለ ሰው ግን የሚነበብ ፊደል፣ የማይላቀቅ መስፊያ፣ የታሰበበት ገጽ ይገባዋል። ለደሃ አንባቢ ዝርክርክ ነገር ይበቃዋል የሚለው አስተሳሰብ ራሱ ንቀት ነው።

ሁለተኛው ወገን ለስለስ ይላል። «መልክ ጌጥ ነው፤ ዋናው ይዘት ነው» ይላል። ልክ ነው፤ ባዶ ጽሑፍ በሽፋን አይድንም፤ ይህን አንክድም። ግን ጎበዝ፣ «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ያለው ማን ሆነና! ጠጁ ዋናው ስለሆነ በጣሳ ይቀዳ ያለ አበጋዝ የለም። ብርሌው አንገቱ የጠበበው፣ ሆዱ የሰፋው፣ ቀለሙን የሚያሳየው ጠጁን አክብሮ ነው። የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይማ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። በእርሻ መጽሔት ላይ የማዳበሪያው ምክር ትክክል ከሆነ ገጹ ቢያስጠላም ገበሬው ይጠቀማል። በሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ ግን ገጹ ራሱ ትምህርት ነው። የአንድን ሠዓሊ ሥራ ዳርና ዳሩን ቆርጦ፣ ቀለሙን አበላሽቶ፣ በላዩ ላይ ርዕስ ጽፎበት የሚያትም አዘጋጅ፣ ከጎኑ ያለው ሂስ የቱንም ያህል ቢረቅ ሠዓሊውን ዘልፎታል።

የሞሮኮዎቹ ጥቁር ፀሐይ

ነገሩን በአየር ላይ እንዳናስቀረው አንድ እውነተኛ ታሪክ እናንሳ። የምናነሳው ከፓሪስ ወይም ከኒውዮርክ አይደለም፤ ከዚሁ ከአፍሪካችን ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ1966 በሞሮኮ ዋና ከተማ በራባት አብደላጢፍ ላዕቢ የሚባል ወጣት ገጣሚ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ «ሱፍል» የተባለች መጽሔት መሠረተ። ሱፍል በፈረንሳይኛ «ትንፋሾች» ማለት ነው። አገሪቱ ከፈረንሳይ ነፃ ከወጣች ገና 10 ዓመቷ ነበር። ቅኝ ገዥው ቢሄድም ዓይኑን ትቶ ሄዶ ነበር። የአገሬው ሥዕል አንድም በፈረንሳይ አካዳሚ ሚዛን ይመዘናል፤ አንድም ለቱሪስት እንደሚሸጥ የእጅ ሥራ ይቆጠራል። ገጣሚዎቹ ይህን ዓይን በቃላት ሊዋጉት ተነሡ። ግን የቃላቱ መጽሔት ራሷ የፓሪስ መጽሔት መስላ ብትወጣ ትግሉ ገና ከሽፋኑ እንደሚሸነፍ ገባቸው።

ስለዚህ ሽፋኑን ለአንድ ሠዓሊ ሰጡ፤ ለመሐመድ መሌሂ። መሌሂ ሮምንም ኒውዮርክንም አይቶ በ1964 ወደ አገሩ የተመለሰ፣ በካዛብላንካ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ነበር። በመጽሔቷ ሽፋን ላይ ያሳረፈው አንድ ነገር ነው፤ ጥቁር ፀሐይ የመሰለ ምልክት። የንጉሥ ፎቶግራፍ የለም፤ የግመል ሥዕል የለም፤ የበረሃ ጀንበር የለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መጽሔቷ ያንኑ ምልክት ግንባሯ ላይ አድርጋ ወጣች። ያቺን ጥቁር ፀሐይ ያየ ሁሉ ምን እንደመጣ አወቀ።

ልብ በሉ፤ ይህ ምልክት ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም። መሌሂ ያስተምርበት የነበረውን ትምህርት ቤት ከ1962 ጀምሮ ይመራ የነበረው ፋሪድ ቤልካሂያ ነበር። ቤልካሂያ፣ መሌሂና መሐመድ ሸብዓ ተማሪዎቻቸውን የአውሮፓን የጂፕሰም ሐውልት ከማስገልበጥ ይልቅ የአገራቸውን ምንጣፍ፣ የአማዚግ ሴቶችን ጌጣጌጥ፣ የገጠር መስጊዶችን ባለቀለም ጣሪያ እንዲመረምሩ አደረጓቸው። ገልብጡት አላሏቸውም፤ መርምሩት ነው ያሏቸው። መስመሩ ለምን እዚህ ጋ ይታጠፋል? ይህ ቀለም ለምን ከዚያ ጋር ተቀመጠ? ከዚህ ምርመራ የወጣው ሥራ ዘመናዊ ነው፤ የማንም ግልባጭ ግን አይደለም። በ1969 እነዚሁ ሠዓሊዎች ሥዕላቸውን ተሸክመው በማራኬሽ ጀማ አል-ፍና አደባባይ፣ ሕዝቡ መሐል ሰቀሉት። «ጥበብ ለሕዝብ» የሚለውን መፈክር በሥራ አሳዩ።

በዚያው በ1969 ሱፍል ስለ ፍልስጥኤም ልዩ እትም አወጣች፤ ከዚያ በኋላ ወደ ግልጽ ፖለቲካ ገባች፤ የሽፋኗም መልክ አብሮ ተለወጠ። ሐሳቡ ሲለወጥ ፊቱም ተለወጠ ማለት ነው፤ አንዱ ሌላውን አልዋሸም። መጨረሻውን መገመት አያዳግትም። በ1972 መጽሔቷ ታገደች። ላዕቢ ታሰረ፣ ተገረፈ፣ 10 ዓመት ተፈረደበት፤ የተፈታው በ1980 ነው። ዛሬ ስለ አፍሪካ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ የሚጽፍ ሰው ያቺን መጽሔት ሳይጠቅስ ማለፍ ይከብደዋል። ያገዷት ሰዎች መጽሔቷን ከገበያ አነሷት እንጂ ፊቷን ከሰው ልብ ሊያነሱት አልቻሉም። መልክ «ጌጥ ነው» የሚለን ሰው ይህን እንዴት ይፈታዋል?

ፊደላችንን ማን ያሰቃየዋል?

ሞሮኮዎቹን ትተን ወደ ቤታችን እንግባ። እኛ ከእነሱ የተሻለ ሀብት አለን። የራሳችን ፊደል አለን። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። ለዲዛይነር ይህ ውርስ ነው። ግን ውርሱን እንዴት ያዝነው?

ፊደላችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኅትመት የወጣው በ1513 በሮም ነው፤ መጽሐፉ መዝሙረ ዳዊት፣ አታሚው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ነበር። ቋንቋውን ያስተማሩት እዚያው ሮም የነበሩ የእኛ መነኮሳት ናቸው። ብረቱን የቀረጸው ግን ፈረንጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ኢንጂነር አያና ብሩ ከ200 በላይ የሆነውን ፊደል በላቲን ልክ በተሠራ የጽሕፈት መኪና ጥቂት ቁልፎች ላይ ለማስገባት ተጣጣሩ፤ ቅጥያዎቹን ለብቻ እየነጠሉ። ከዚያ ኮምፒዩተር መጣ። በ1990ዎቹ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱን ኮድ ይዞ ስለመጣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የእብድ ጽሑፍ ይሆን ነበር። በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ ተመዘገበና ይህ ጣጣ መቃለል ጀመረ። በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው «ኒያላ» የተባለው ፊደልም የተቀረጸው ካናዳ ባለ የፊደል ሥራ ቤት ነው። የቀረጹትን ማመስገን እንጂ መውቀስ አይገባም፤ ሥራቸውን በጥንቃቄ ነው የሠሩት። ወቀሳው የእኛ ነው። ሰው ቀርጾ የሰጠንን ፊደል እንኳ በወጉ ማስቀመጥ አቃተን።

ማስረጃ አምጡ ካላችሁ የትኛውንም ገጽ ግለጡ። ላቲን «ኢታሊክ» ስላለው ተብሎ ፊደላችን በኮምፒዩተር ጉልበት ወደ ቀኝ ተገፍቶ እንደ ሰካራም ያዘነብላል። የእኛ ፊደል ዘመም ያለ ወንድም ኖሮት አያውቅም፤ ማዝመሙ የላቲን ልማድ ነው። ርዕሱ አልበቃ ሲል ፊደሉ በጎን ይለጠጣል፤ መቃ ብዕር የሰጠው ወፍራሙና ቀጭኑ መስመር ይደባለቃል፤ መ ቅርጹን ያጣል፣ ሠ ወገቡ ይሰበራል። ቦታ ለመቆጠብ ጽሑፉ ከልክ በላይ ያንሳል፤ ሻካራ ወረቀት ላይ ቀለሙ ይሰርግና የኃምሱ ቀለበት ይደፈናል። «ቤት» የሚለው «ቢት» ይመስላል፤ አንባቢ ዓይኑን አጥብቦ ይገምታል። ዓምዱ ጠቦ ሁለቱም ዳር እኩል ይሁን ሲባል ደግሞ በቃላቱ መካከል ጉድጓድ ይከፈታል፤ ገጹ ብል የበላው ነጠላ ይመስላል።

የድሮ ጸሐፊዎቻችን ይህን ችግር ያውቁት ነበር። ፊደላችን እንደ ላቲን ትልቅና ትንሽ የለውም። ታዲያ ዋናውን ነገር ከተራው በምን ይለዩት ነበር? በቀይ ቀለም። የምዕራፉን መግቢያ፣ የቅዱሳንን ስም በቀይ ጻፉት፤ ሌላውን በጥቁር። ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ ለዩት፤ ዓምዱን በእሱ አስተካከሉት። ብራናውን ከመጻፋቸው በፊት በወስፌ ወግተው መስመር አሰመሩበት፤ ዳር ዳሩን ባዶ ተዉት። ዛሬ ዲዛይነሩ «ግሪድ» የሚለውን ነገር የአገራችን ቁም ጸሐፊ በእጁ ሠርቶታል። ለአንድ መጽሔት ሁለት ቀለም፣ ጥቁርና ቀይ፣ እንዲሁም በልክ የተተወ ባዶ ቦታ በቂ መልክ ነው። ይህን ትተን የባዕድ ገጽ ስንዋስ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሉናል፤ ልክ ናቸው።

ጀበና መለጠፍ መልክ አይደለም

እዚህ ላይ አንዳንዱ ደስ ይለዋል። «አዎ! የራሳችንን እናድርግ!» ብሎ የላሊበላ መስቀል፣ ጀበና፣ የአክሱም ሐውልትና ሦስት ቀለም ሽፋኑ ላይ ይደረድራል። ከአንዱ ጉድጓድ ወጥቶ ሌላው ውስጥ መግባት ይሏል ይሄ ነው። ይህ የመጽሔት መልክ አይደለም፤ የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫ ሱቅ መስኮት ነው። ያኛው ፈረንጅን ሲመስል ይሄኛው ፈረንጅ እኛን እንዲያየን የሚፈልገውን ይመስላል። ሁለቱም ፊታቸው ወደ ውጭ ነው።

የእኛ ትልልቅ ሠዓሊዎች እንዲህ አላደረጉም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ በ1962 ሲመለስ ያመጣውን ረቂቅ ሥዕል ብዙዎች «የፈረንጅ ነው» ብለው ጮኹበት። እሱ ግን ያንን ቋንቋ በራሱ ቀለም ተናገረበት እንጂ ፈረንጅን ለመምሰል አልሣለም። እስክንድር ቦጎሲያን ፓሪስ ሆኖ ከአገሩ የጠልሰም ጥቅልል ተማረ፤ ጠልሰሙን ግን አልገለበጠም፤ ዓይኑንና ጥልፍልፉን ወስዶ ሌላ ዓለም ሠራበት። ወሰን ወርቄ ቆስሮፍ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ፊደልን ራሱን የሥዕሉ አካል አደረገው፤ ፊደሉ እየተሰበረ፣ እየዞረ፣ እየጨፈረ። ሦስቱም በአለ ፈለገ ሰላም በ1957 በተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አልፈዋል፤ ገሚሱ በመምህርነት፣ ገሚሱ በተማሪነት። ትምህርቱ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በእጃችን አለ። የመሌሂና የጓደኞቹ ዘዴም ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ ጥልቁን መርምር፣ ላዩን አትላጭ።

ታዲያ ስለ እነዚህ ሰዎች ገጽ ሙሉ የሚጽፍ መጽሔት፣ የሥራቸው ትምህርት አንዲት ጠብታ ሽፋኑ ላይ ሳትደርስ ሲቀር ምን ይባላል? አንብቦ አልገባውም ይባላል።

ግንባር አይሸጥም

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ አንገሽጋሹ ጉዳይ እሱ ነውና። መጽሔት ያለ ገንዘብ አይታተምም። ስፖንሰር መፈለግ ኃጢአት አይደለም። ጥያቄው ስፖንሰሩ የት ይቀመጣል የሚለው ነው። ሽፋን ላይ የተለጠፈ የድርጅት አርማ አንባቢን የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ «ይህን ፊት የገዛሁት እኔ ነኝ» ነው የሚለው። ዛሬ ግንባሩን ያከራየ መጽሔት ነገ በውስጥ ገጽ የዚያን ድርጅት የሥዕል ውድድር በነፃነት ሊተች ይችላል? ይችላል የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

የገንዘብን ነገር ከጎረቤት እንማር። በ1961 በካምፓላ ራጃት ኒዮጊ «ትራንዚሽን» የተባለውን መጽሔት አቋቋመ። የአፍሪካ ምርጥ ብዕሮች ተሰባሰቡበት። ደፋር ነበር። በ1968 በኡጋንዳ ሕገ መንግሥት ላይ በወጣው ትችት ምክንያት የኦቦቴ መንግሥት ኒዮጊን አሰረው። ግን ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ሌላ ጉድ ወጥቶ ነበር። መጽሔቱን ይረዳ ከነበረው «የባህል ነፃነት ኮንግረስ» ጀርባ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ገንዘብ እንዳለ ተጋለጠ። የጸሐፊዎቹ ድፍረት እውነተኛ ነበር፤ ያም ሆኖ ጥርጣሬው የንጹሑንም ስም ነካው። ትምህርቱ ግልጽ ነው። የምትወስደውን ገንዘብ ምንጩን እወቅ፤ ከወሰድክም በውስጥ ገጽ፣ በግልጽ አማርኛ፣ ከማን እንደሆነ ጻፈው። አንባቢ ይወቀው። ፊትህን ግን አትሽጥ።

ገንዘብ ካነሣን የሌላውን ወገን ግፍም አንለፈው። የእነዚህን መጽሔቶች ገጽ የሚሠራው ልጅ ማነው? ስሙ የት አለ? ዋና አዘጋጁ ከነፎቶግራፉ አለ፤ የማስታወቂያ ክፍሉ ከነስልኩ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ፊደል ሲያስተካክል ያደረው ልጅ አንድም ከነጭራሹ አልተጠቀሰም፤ አንድም መጨረሻ ገጽ ጥግ ላይ «ኮምፒዩተር ጽሕፈት» ከሚለው ሥር ተጥሏል። ክፍያው ሲጠየቅ «ለስምህ ነው፤ ሥራህን ሰው ያይልሃል» ይባላል። ስሙን ሳይጽፉለት ለስምህ ነው ማለት ምን የሚሉት ፌዝ ነው? ከዚያ ደግሞ ልጁ ጊዜ አጥቶ ከኢንተርኔት የተዘጋጀ ገጽ ሲገለብጥ «የእኛ ወጣቶች ፈጠራ የላቸውም» ይላሉ። ፈጠራውን የገደለው ማን ሆነና!

እንግዲህ ምን ይደረግ?

«ትችታችሁ መልካም፤ ግን ገንዘቡ የለም» የሚለው መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ይህ መልስ አያስኬድም። ባለ ሙሉ ቀለም ሽፋን ለማተም ማተሚያ ቤቱ አራት ፕሌት ያዘጋጃል፤ ለሰማያዊው፣ ለሐምራዊው፣ ለቢጫውና ለጥቁሩ። ባለ ሁለት ቀለም ሽፋን የሚፈልገው ሁለት ፕሌት ብቻ ነው። ያ በየእትሙ የሚወጣው፣ ደብዝዞ የሚታተመው ባለ ሙሉ ቀለም ፎቶግራፍ ነው ውዱ። አንድ ጊዜ በደንብ የታሰበ ምልክትና ሁለት ቀለም ለዓመታት ያገለግላሉ። የሱፍል ልጆች ሀብታም አልነበሩም። የነበራቸው አንድ ሠዓሊና አንድ ውሳኔ ነው።

«ዘመኑ የስልክ ነው፤ ወረቀትና ሽፋን አብቅቶለታል» የሚልም አለ። ይህ እንዲያውም የእኛን ክርክር ያጠነክራል። ስልክ ላይ የመጽሔት ሽፋን የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። በዚያች ጥፍር ላይ አሥር ነገር የተጨናነቀበት ሽፋን ጭቃ ይሆናል። አንድ ጥቁር ፀሐይ ግን እዚያም ፀሐይ ነው። መልክ የሌለው መጽሔት አዟሪው ዘንድ የሚጠፋው ከሃያ ኅትመት መካከል ነበር፤ ስልክ ላይ የሚጠፋው ከሺህ መካከል ነው።

ስለዚህ ነፃ የሥነ ጥበብ መጽሔት እናወጣለን ለምትሉ ሁሉ ጥያቄያችን ይኸው። ስሙን በፊደላችሁ፣ በራሳችሁ ሰው እጅ አስጽፉ፤ ላቲኑ ካስፈለገ እሱ ከሥር ይቀመጥ። ዛሬ ፊደል የሚቀርጹ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች አሉ፤ ፈልጓቸው፣ ክፈሏቸው። ፊደሉን አትለጥጡት፣ አታዝምሙት፤ የሚነበብ መጠን ስጡት፣ በመስመሮቹ መካከል ትንፋሽ ስጡት። የሠዓሊን ሥራ ሳትቆርጡ ሙሉውን አትሙ፤ በላዩ ላይ አትጻፉበት። የመረጣችሁትን መልክ ቢያንስ ለጥቂት ዓመታት ጠብቁት፤ በየእትሙ ልብስ እየቀያየረ የሚመጣን ሰው ማንም ስሙን አይዝለትም። የዲዛይነሩን ስም ከዋና አዘጋጁ ስም አጠገብ አስቀምጡ። ስፖንሰሩን ከግንባራችሁ አውርዱ።

ይህ ሁሉ ከባድ ነው? አይደለም። ድፍረት ግን ይጠይቃል። ምክንያቱም የራስን ፊት ይዞ መውጣት ያጋልጣል። የሰው ፊት የለበሰ «እኔ አይደለሁም» ብሎ ማምለጫ አለው። የራሱን ፊት ይዞ የወጣ ማምለጫ የለውም፤ ቢያሞግሱትም እሱን ነው፣ ቢሰድቡትም እሱን ነው፣ ቢያስሩትም እሱን ነው። ነፃነት የሚባለው ነገርም ያው ይኸው ነው።

ፊት የሌለው መጽሔት ቢታገድ እንኳ ማን እንደታገደ የሚያውቅ የለም። ልብ ያለው ልብ ይበል!